ከኢክቶሚ እስከ ጥቁሩ እባብ፦ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተረት በልጆች የሥዕል መጽሐፍ

የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተረት በልጆች መጽሐፍ መታተም የጀመረው፣ ያው ተረት ከልጆቹ አፍ እንዲጠፋ መንግሥት በጀት መድቦ በሚሠራበት ዘመን ነው። በ1879 (በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሪቻርድ ፕራት የተባለ የጦር መኮንን በፔንሲልቬንያ ግዛት የካርላይልን አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። እዚያ የገባ ልጅ ጸጉሩ ይቆረጣል፤ የአገር ልብሱ ተወስዶ የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ የእንግሊዝኛ ስም ይወጣለታል፤ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ከተሰማም ይቀጣል። በካርላይል አምሳያ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም በመላ አገሪቱ ተከፈቱ። በበረዶው ወራት ምሽት አያትን ከቦ ተረት መስማት ዋና የልጅነት ትምህርት በነበረባቸው ሕዝቦች ዘንድ፣ ያን ትምህርት ሳይቀምስ ያደገ ትውልድ ተፈጠረ።

ፕራት ካርላይልን ከመክፈቱ በፊት የወህኒ አዛዥ ነበር። ከ1875 እስከ 1878 በፍሎሪዳ በፎርት ማሪዮን ምሽግ የታሰሩትን የታላቁ ሜዳ ተዋጊዎች ይጠብቅ የነበረው እሱ ነው። እስረኞቹ በተሰመረ የሂሳብ መዝገብ ላይ በእርሳስና በቀለም ፈረሶችን፣ አደንን፣ ያለፈ ጦርነትን ይሥሉ ነበር። ይህ የመዝገብ ላይ ሥዕል ከመቶ ዓመት በኋላ በልጆች መጽሐፍ ውስጥ ብቅ ይላል፤ ያኔ የሚሥለው ግን የሌላ አገር ሰው ነው።

ከአዳሪ ትምህርት ቤቶቹ የወጡት ልጆች ሁሉ የተፈለገውን ሆነው አልወጡም። ዚትካላ ሻ በ1876 በደቡብ ዳኮታ፣ ያንክተን ሱ በሚባለው የዳኮታ ሕዝብ መካከል ተወለደች፤ ገና በልጅነቷ ሚስዮናውያን ወደ ኢንዲያና ወስደው አዳሪ ቤት አስገቧት፤ ካደገች በኋላ ደግሞ በዚያው በካርላይል መምህርት ሆነች። ከፕራት ጋር ግን ብዙም ሳትቆይ ተለያየች። ወደ አገሯ ተመልሳ ከሽማግሌዎች የሰማችውን ሰብስባ በ1901 በቦስተን «የጥንት ሕንዶች ተረቶች» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመች (በዚያ ዘመን ነባሮቹ ሕዝቦች «ሕንዶች» ይባሉ ነበር)። መጽሐፉ 14 ተረቶች አሉት፤ በአብዛኞቹ ላይ የሚገኘው ኢክቶሚ ነው። ኢክቶሚ ሸረሪት ሆኖ ሰው መምሰል የሚችል፣ ሁሉን የሚያታልል፣ መጨረሻ ላይ ራሱ የሚታለል ፍጡር ነው፤ በአማርኛ ተረት ጦጣ የያዘችውን ቦታ በዳኮታ ተረት እሱ ይዞታል። ዳክዬዎቹን ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲጨፍሩለት አግባብቶ ይፈጃቸዋል፤ ሥጋውን ሊበላ ሲል ግን ዛፍ አንቆ ይይዘውና ተኩላዎች ምሳውን ጠራርገው ይሄዳሉ።

የመጽሐፉን ሥዕሎች የሠራችው አንጀል ደ ኮራ የዊኔባጎ (ዛሬ ሆ ቸንክ የሚባለው ሕዝብ) ተወላጅ ነበረች። የሠለጠነችው በዘመኑ እውቅ በነበረው ሠዓሊ በሃዋርድ ፓይል ዘንድ ነው። ተረቱን የጻፈችውም ሆነች ሥዕሉን የሣለችው ከነባር ሕዝቦች የወጡ ሴቶች መሆናቸው በኋላ ዘመን እንደ አዲስ ግኝት የተወራለትን ነገር ገና በ1901 የተደረገ ያደርገዋል። በ1906 ደ ኮራ ካርላይል ውስጥ የነባር ሕዝቦችን ጥበብ እንድታስተምር ተቀጠረች። ያን ጥበብ ለማስረሳት የተቋቋመ ቤት ነበር፤ ሆኖም ፕራት ከሁለት ዓመት በፊት ተነሥቶ ነበርና አስተዳደሩ በመጠኑ ለዝቧል።

ዚትካላ ሻ በመቅድሟ ተረቶቹ የጥቁር ጸጉሩ ልጅ ብቻ ሳይሆኑ የሰማያዊ ዓይኑም አሜሪካዊ ልጅ ሀብት እንደሆኑ ገልጻለች። ቸርነቷ ዓላማ ነበረው፤ የተረቱን ሰብአዊነት ያየ አንባቢ ባለቤቶቹንም ያከብራል ብላ ነበር። ከእሷ በኋላ የመጡት አሳታሚዎች ስጦታውን ተቀበሉ፤ አክብሮቱን ግን ብዙዎቹ ረሱት።

በ1909 ዳኮታው ሐኪም ቻርልስ ኢስትማን ከባለቤቱ ከኢሌን ጉዴል ጋር ሆኖ የተረት ስብስብ አወጣ፤ በዚህኛው ላይ ሥዕሉ የነጭ ሠዓሊ ነበር። በ1922 ደግሞ ያልታሰበ ነገር ሆነ። በሳንታ ፌ የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት የርዕሰ መምህሩ ባለቤት ኤሊዛቤት ደሃፍ ከተማሪዎቹ የሰማችውን ተረት «የታይታይ ተረቶች» ብላ ስታሳትም፣ ሥዕሉን የሠሩት የሆፒ ተወላጅ የሆኑት ወጣቶች ፍሬድ ካቦቲ እና ኦቲስ ፖሌሎኔማ ናቸው። ካቦቲ ወደዚያ ትምህርት ቤት የተወሰደው ሆፒነቱን እንዲተው ነበር። ብሩሽ ሲሰጠው የሣለው የናፈቀውን የመንደሩን ጭፈራ ነው።

እስካሁን የተጠቀሱት ሁሉ ሥዕል ያለባቸው የተረት መጻሕፍት ናቸው። ሥዕሉና ጽሑፉ እኩል የሚተርኩበት የሥዕል መጽሐፍ በነባር ሕዝቦች ዘንድ የመጣው በሌላ በር፣ በመንግሥት የመማሪያ መጻሕፍት በኩል ነው። በ1928 የወጣው የሜሪያም ሪፖርት የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ረሃብ፣ በሽታና የልጆች ጉልበት ብዝበዛ አጋለጠ። በ1933 የሩዝቬልት መንግሥት የሕንድ ጉዳዮች ኮሚሽነር አድርጎ የሾመው ጆን ኮሊየር የድሮውን ፖሊሲ ገልብጦ ልጆች በየመንደራቸው፣ ከተቻለም በቋንቋቸው እንዲማሩ አዘዘ። ትእዛዙ መልካም ነበር፤ በእጅ ያለ መጽሐፍ ግን አልነበረም። የኒው ሜክሲኮ በረሃ ልጅ የሚማርበት የንባብ መጽሐፍ ስለ ባቡር፣ ስለ ከተማ ፖሊስ፣ ስለ አረንጓዴ መስክ ነበር የሚያወራው።

አን ኖላን ክላርክ ይህን ችግር በቅርብ ያየች መምህርት ነበረች። የምታስተምረው ከሳንታ ፌ ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው የቴሱኬ ፑዌብሎ መንደር ነበር። (ፑዌብሎ የሚባሉት በጭቃ ጡብ ቤት በሠሩ መንደሮች የሚኖሩ፣ ቋንቋቸውም ልዩ ልዩ የሆነ ገበሬ ሕዝቦች ናቸው።) መጽሐፍ ሲጠፋ ከተማሪዎቿ ጋር ተቀምጣ ስለ ቤታቸው፣ ስለ እርሻቸው፣ ስለ ውሃው ቦይ፣ ስለ ተራራው የሚሉትን በአጫጭር ስንኝ መሰል መስመሮች ጻፈች። መጀመሪያ የሦስተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ደብተር ነበር። በ1941 ቫይኪንግ የተባለው የኒው ዮርክ አሳታሚ «በእናቴ ቤት» ብሎ አወጣው፤ ሥዕሉን የሠራው ዚያ የተባለው ሌላ ፑዌብሎ ተወላጅ ቬሊኖ ሄሬራ ነው። በማግስቱ ዓመት መጽሐፉ የካልዴኮት የክብር ሽልማት አገኘ። ካልዴኮት ከ1938 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ የአሜሪካ የልጆች ሥዕል መጽሐፍ የሚሰጥ ሜዳሊያ ሲሆን የክብር ሽልማቱ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ነው። የሄሬራ ሥዕል እንደ ካርድ ፎቶ ያጌጠ «ሕንድ» የለበትም፤ ከብት፣ በቆሎ፣ ምድጃ፣ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው ያሉት። የቴሱኬ ልጅ ሲገልጠው ቤቱን ያገኛል።

በእነዚያው ዓመታት የሕንድ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት በሁለት ቋንቋ የሚነበቡ ተከታታይ የልጆች መጻሕፍት ማሳተም ጀመረ። ስለ አንዲት ትንሽ የበግ እረኛ በየወቅቱ የሚተርኩት መጻሕፍት ከ1940 አንሥቶ በእንግሊዝኛና በናቫሆኛ ጎን ለጎን ሲወጡ ሥዕሉን የሠራው ወጣቱ ናቫሆ ሆክ ዴኔትሶሲ ነበር። ናቫሆኛ በስፋት የሚያገለግል አጻጻፍ ያገኘው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ለብዙ ልጆች ቋንቋቸውን በጽሑፍ ያዩበት የመጀመሪያው ወረቀት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ለሱዎች በሚዘጋጁት ላይ አንድሩ ስታንዲንግ ሶልጀር ሣለ። ከሁሉም ወደ ተረቱ የቀረበው ግን በ1944 የወጣው የሆፒ መጽሐፍ ነው። አንዲት የሜዳ አይጥ መንደሩን ያስቸገረውን ዶሮ ነጣቂ ጭልፊት ለመግደል ትዘምታለች፤ በጉልበት ስለማትችለው በብልሃት ትጥለዋለች። ሥዕሉ የዚያው የፍሬድ ካቦቲ ነው። የሳንታ ፌው ልጅ አሁን ጎልምሶ፣ ያደገበትን ተረት በገዛ ቋንቋው አጠገብ ይሥል ነበር።

በእነዚህ መጻሕፍት ላይ የአስተዳዳሪዎች እጅ ከባድ መሆኑ አይካድም። ጽሑፉን ከሞላ ጎደል የሚጽፉት ነጭ መምህራን ነበሩ፤ የመንግሥት መልእክት የሚሰብኩ ገጾችም አይጠፉም። ቢሆንም የሥዕሉ እጅ የባለቤቶቹ ነበር፤ እንዲህ ያለው ዘመን ተመልሶ እስኪመጣ ብዙ ተጠበቀ። ኮሊየር በ1945 ከሥልጣን ወረደ። በ1950ዎቹ መንግሥት የነባር ሕዝቦችን ልዩ ሕጋዊ ህልውና አቋርጦ ሰዎቹን ወደ ከተሞች የመበተን ፖሊሲ ሲይዝ፣ በአያት ቋንቋ የሚነበብ የልጆች መጽሐፍ ማን ይፈልገዋል ተባለ።

ቀጣዩ ማዕበል የመጣው ከገንዘብ ነው። በ1965 የወጣው የትምህርት ሕግ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የፌዴራል ገንዘብ አፈሰሰ። በዚያው ዓመት ናንሲ ላሪክ የአሜሪካ ልጆች መጻሕፍት ዓለም ሙሉ በሙሉ ነጭ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣች። ቤተ መጻሕፍት የሌሎችን ሕዝቦች መጽሐፍ መግዛት ፈለጉ፤ አሳታሚዎችም ፈጣኑን መንገድ አገኙ፤ ተረትን። ተረት ደራሲ የለውም፤ ስለዚህ በሕግ ዓይን ባለቤት የለውም፤ ክፍያም ፈቃድም አይጠይቅም። የድሮ አንትሮፖሎጂስቶች ከሽማግሌዎች የቀዱት ብዙ ሺህ ገጽ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል። አንድ ጎበዝ ሠዓሊ አንዱን መርጦ አሳጥሮ 32 ገጽ ላይ ከሣለው መጽሐፉ አለቀ። በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ ምቹ ሒሳብ የተወለደ ነው።

ሽልማቱም ተከተለ። ከ1971 እስከ 1979 ከተሰጡት 9 የካልዴኮት ሜዳሊያዎች 5ቱ ከአፍሪካ ወይም ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተረትና ባህል ለተቀዱ መጻሕፍት ተሰጡ። ከ5ቱ አንዱንም የሣለ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ አልነበረም።

የ1975ቱ ተሸላሚ «ወደ ፀሐይ የተወረወረ ቀስት» የዘመኑን ብርታትም ድክመትም አንድ ላይ ያሳያል። የዲትሮይቱ ተወላጅ ጄራልድ ማክደርሞት አስቀድሞ በአኒሜሽን ፊልም የሠራውን በ1974 መጽሐፍ አደረገው። ገጹ ብርቱካናማ፣ ቢጫና ቡናማ ቀለም የሚነድበት፣ ሰውም ቤትም ወደ ጠንካራ ማዕዘን የተቀየሩበት ነው፤ በሥዕል ጥበብ በኩል እስከዛሬ የሚደነቅ ሥራ ነው። ተረቱ የፀሐይ ጌታ የሕይወትን ፍንጣሪ ወደ ምድር ይልካል ይላል፤ ከአንዲት ልጃገረድ የሚወለደው ልጅ አባት የለህም እየተባለ ስለሚሰደብ አባቱን ፍለጋ ይነሣል፤ ቀስት ሠሪው ልጁን ራሱን ቀስት አድርጎ ወደ ፀሐይ ይወረውረዋል። አባቱም ልጅነቱን እንዲያረጋግጥ በአራት ኪቫዎች ውስጥ ይፈትነዋል፤ በአንዱ አንበሶች፣ በአንዱ እባቦች፣ በአንዱ ንቦች፣ በመጨረሻው መብረቅ ይጠብቁታል።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ኪቫ የፑዌብሎ ሕዝቦች ሥርዓታቸውን የሚፈጽሙበት፣ ልጆችም የሚማሩበት የተቀደሰ ክፍል ነው። የናምቤ ፑዌብሎዋ ምሁር ዴቢ ሪስ በኋላ እንዳስረዳችው የፑዌብሎ ልጅ ኪቫን የፍርሃትና የስቃይ ጉድጓድ ሆኖ ሲያየው የሚያውቀው ቦታ ይጠፋበታል። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ብቻ 19 ፑዌብሎዎች አሉ፤ መጽሐፉ ግን ተረቱ የየትኛው እንደሆነ ሳይናገር «የፑዌብሎ ሕንዶች» ይላል። የሸላሚው ኮሚቴ ቀለሙን ዳኘ፤ ስለ ኪቫው የጠየቀ አልነበረም።

ፖል ጎብል ከማክደርሞት ይለያል። በእንግሊዝ አገር በ1933 የተወለደው ጎብል ከልጅነቱ ጀምሮ የታላቁን ሜዳ ሕዝቦች ታሪክ ሲያጠና ኖሮ በ1977 ወደ ደቡብ ዳኮታ ተራሮች ተዛወረ። «የዱር ፈረሶችን የወደደችው ልጅ» በተባለው መጽሐፉ በ1979 ሜዳሊያውን ወሰደ። የሥዕሉ ስልት የተቀዳው የፎርት ማሪዮን እስረኞች ይሥሉት ከነበረው ዓይነት የመዝገብ ሥዕል ነው፤ ጠፍጣፋ ፈረሶች፣ ነጭ ጀርባ፣ ጥርት ያለ ቀለም። የዳኮታዎች ወንድም ሕዝብ የሆኑት ላኮታዎች ወዳጅ አድርገውት ስም አውጥተውለታል፤ መጽሐፎቹም ተረቱ ከየት እንደተወሰደ ይጠቅሳሉ። በ1988 የዚትካላ ሻን ኢክቶሚ ወደ ተከታታይ የሥዕል መጽሐፍ ሲያመጣው ግን የነባር ሕዝቦች ተቺዎች አልተቀበሉትም። ለአንዱ ሕዝብ ጥልቅ ትርጉም ያለው አታላይ በመጽሐፉ የሚሳቅበት ቂል ሆነ የሚል ነበር ቅሬታቸው። ጎብል ያጠና ሰው ስለነበር ወቀሳው የከበደው ለእሱ ነው፤ ፈቃድን ጥናት ይተካዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ያለ እሱ ይህን ያህል ጥርት ብሎ ባልተነሣም ነበር።

ሽልማቱ ከሚሰጥበት አዳራሽ ርቆ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1966 በአሪዞና ራፍ ሮክ ላይ ናቫሆዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የራሱ የመጻሕፍት ማዘጋጃም ነበረው። በ1967 በካናዳ የቫንኩቨር ደሴት ተወላጅ ጆርጅ ክሉተሲ የቁራንና የአጋዘንን ልጆች ተረት በራሱ ሥዕል አሳተመ። በ1977 የአኮማ ፑዌብሎው ገጣሚ ሳይመን ኦርቲዝ «ሕዝቡ ይቀጥላል» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። ያሳተመው ሃሪየት ሮመር ከሁለት ዓመት በፊት በሳን ፍራንሲስኮ ያቋቋመችው ትንሽ ድርጅት ነበር። ኦርቲዝ አንድ ተረት አልመረጠም፤ ከፍጥረት እስከ ቅኝ ግዛት፣ ከዚያም እስከ ዘመኑ ያለውን ታሪክ ሁሉ በሽማግሌ ተራኪ ድምፅ አወረደው። ዛሬም ይታተማል። በ1980 ካናዳ ውስጥ ቴይተስ እና ፔሚካን የተባሉ በነባር ሕዝቦችና በሜቲሶች (ከነባር ሕዝቦችና ከአውሮፓውያን በተወለደው ሕዝብ) የተቋቋሙ አሳታሚዎች ሥራ ጀመሩ።

በካናዳ ሰሜን የተፈጠረ አንድ መጽሐፍ ደግሞ በትብብር መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ኢኑኢቱ ማይክል ኩሱጋክ በራንኪን ኢንሌት ቤቱ በእንግድነት ለተቀበለው ለታዋቂው የልጆች ደራሲ ለሮበርት መንሽ የቃሉፒሉክን ነገር አወጋው። ቃሉፒሉክ ከባሕሩ በረዶ ሥር የሚኖር፣ ያለ ወላጅ ወደ ስንጥቁ የተጠጋን ልጅ የሚጎትት ፍጡር ነው። የኢኑኢት እናቶች የሚያወሩት በረዶው ተሰብሮ ልጅ እንዳይሰጥምባቸው ነው። ሁለቱ ስማቸውን አንድ ላይ አኑረው በ1988 አሳተሙት፤ ኩሱጋክም ከዚያ በኋላ በስሙ ብቻ ብዙ ጻፈ።

በ1991 የወጣው መጽሐፍ ግን የዘመኑ ትልቁ ቅሌት ሆነ። ሱዛን ጄፈርስ «ወንድም ንስር፣ እህት ሰማይ» ብላ ያሳተመችው መጽሐፍ የአለቃ ሲያትልን ንግግር መሠረት ያደረገ ተባለ፤ በመቶ ሺዎች ተሸጠ፤ በየትምህርት ቤቱ የምድር ቀን ንባብ ሆነ። አለቃ ሲያትል የሱኳሚሽና የዱዋሚሽ ሕዝቦች መሪ ነበር፤ በ1854 ንግግር ማድረጉም ይታወቃል። ንግግሩን ግን በጋዜጣ ያወጣው ሄንሪ ስሚዝ የተባለ ሐኪም ነው፤ ያወጣውም ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1887 ነበር። ሰው ሁሉ የሚወደው የተፈጥሮ ጥበቃ ቃል ደግሞ ከዚያ ውስጥ እንኳ የለም፤ ቴድ ፔሪ የተባለ የፊልም ጸሐፊ በ1970ዎቹ መባቻ «ቤት» ለተባለ ፊልም የደረሰው ነው። ሥዕሉም ከጽሑፉ አልተሻለም። የሲያትል ሕዝብ ከዛፍ ሳንቃ በተሠሩ ረጃጅም ቤቶች የሚኖር፣ በታንኳ ሳልሞን የሚያጠምድ የባሕር ዳር ሕዝብ ነው። በመጽሐፉ ላይ ያሉት ግን በታላቁ ሜዳ የቆዳ ድንኳን ፊት፣ በፈረስ ላይ፣ የላባ ዘውድ አጥልቀው ነው። በ1992 እውነቱ በኒው ዮርክ ታይምስ ሲወጣ አሳታሚው መጽሐፉን ከገበያ አላነሣም።

ቅሌቱ በተሰማ ጊዜ ተቺዎቹ ተደራጅተው ነበር። ቤቨርሊ ስላፒንና ዶሪስ ሲል ነባር ሕዝቦችን የሚመለከቱ የልጆች መጻሕፍትን አንድ በአንድ እየገመገሙ «በሕንድ ዓይን» በሚል ርእስ አሳተሙ፤ ኦያቴ የተባለ ማኅበራቸውም ለመምህራን የሚሆን መመዘኛ አዘጋጀ። ተረቱ የየትኛው ሕዝብ ነው? ማን ተናገረው? ልጁ ራሱን ቢያይ ይኮራል ወይስ ያፍራል? በዚያው አሥርት ተረት በሥዕል መጽሐፍ መልሶ መተረክ ገበያው የደራ ነበር፤ የኢትዮጵያም ተረት በዚያ ማዕበል ደርሷል። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 በእንግሊዝኛ ካሳተሙት ስብስብ የሚታወቀውን፣ ሌሊቱን በብርድ ተራራ ላይ ቆሞ ከሩቅ እሳት እያየ የነጋለትን ሰው ታሪክ፣ በኢትዮጵያ ያደገችው ጄን ኩርትዝ በ1994 በኢ. ቢ. ሉዊስ ሥዕል አወጣችው። በነባር ሕዝቦች በኩል ደግሞ የአፓቼ፣ የሆፒና የቴዋ ተወላጁ ማይክል ላካፓ በ1990 እና በ1992 የአፓቼ ተረቶችን ራሱ ተርኮ ራሱ ሣለ። ሥዕሉ የቅርጫትና የሸክላ ጌጥ መስመር ይከተላል፤ ገጸ ባሕርያቱም የዘመድ ፊት አላቸው።

በ2000 አዲስ መንገድ ተከፈተ። የሙስኮጊ ተወላጅዋ ሲንቲያ ሌይቲች ስሚዝ «ጂንግል ዳንሰር» በተባለው መጽሐፏ ተረት ከመተረክ ይልቅ ተረት የሚነገርባትን የዘመኑን ልጅ አመጣች። ጄና በቀሚሷ ላይ የሚንሿሿ የቆርቆሮ ጌጥ ሰፍታ ለመጨፈር ትፈልጋለች፤ ጌጡ ግን የላትም። ወደ ዘመዶቿና ወደ ጎረቤቷ ሄዳ ከእያንዳንዳቸው ቀሚስ አንድ መደዳ ብቻ ትለምናለች፤ ከአንዷ ብዙ ብትወስድ የዚያች ሴት ቀሚስ ድምፅ ያጣል። ከዘመዶቿ አንዷ ጠበቃ ናት። እስከዚያ ድረስ በሥዕል መጽሐፍ የነባር ሕዝብ ተወላጅ ሴት ጠበቃ ሆና ማየት የማይታሰብ ነበር ማለት ይቻላል።

በ2006 የአሜሪካ ሕንድ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማኅበር የራሱን የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት ማቋቋሙ ዳኝነቱን ከሌሎች እጅ አወጣው። የመጀመሪያው የሥዕል መጽሐፍ ተሸላሚ «ቢቨር እሳት ሰረቀ» ነበር። በሽፋኑ ላይ በደራሲ ቦታ የተጻፈው የሰው ስም ሳይሆን በሞንታና የሚገኙት የሳሊሽና የኩትናይ ሕዝቦች ኅብረት ስም ነው። ተራኪው ሽማግሌ ጆኒ አርሊ፣ ሠዓሊው ሳም ሳንዶቫል ናቸው፤ ሁለቱም ከዚያው ሕዝብ። እንስሳቱ ኮዮት በሚባለው የቀበሮ ዘመድ መሪነት ወደ ሰማይ ወጥተው እሳት ያወርዳሉ። መጽሐፉ የተዘጋጀው ኅብረቱ የደንና የሜዳ እሳትን በሥርዓት ይጠቀምበት የነበረበትን ጥበብ ልጆች እንዲያውቁ በያዘው ሥራ ውስጥ ስለሆነ ተረቱ የመሬት አያያዝ ትምህርትም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ለመምህራን የተጻፈ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ የኮዮት ተረት የሚነገረው በረዶ መሬት ላይ ባለበት ወራት ነውና በሌላ ጊዜ እንዳታነቡት ይላል። ወቅት ያለው መጽሐፍ በአሜሪካ የመጻሕፍት ንግድ የተለመደ አይደለም። ማሳሰቢያው ግን ከማክደርሞት ዘመን ጀምሮ የተጓደለውን ነገር በአንድ መስመር ያስቀምጣል፤ ተረቱ ከነሥርዓቱ ነው የሚሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ተፋጠነ። የቾክታው ተራኪ ቲም ቲንግል በ2006 አንዲት የቾክታው ልጅ ባሪያ የነበረ ቤተሰብን ወንዝ ስታሻግር የሚያሳየውን ታሪክ አሳተመ። ካናዳ የአዳሪ ትምህርት ቤቶቿን በደል በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ስትመረምር ቆይታ ስትጨርስ፣ በ2016 የክሪ ተወላጆቹ ዴቪድ ሮበርትሰንና ጁሊ ፍሌት «ብቻችንን ሳለን» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ፤ አያት ለምን ደማቅ ልብስ እንደምትለብስ፣ ጸጉሯን ለምን እንደምታስረዝም፣ በክሪ ቋንቋ ለምን እንደምትናገር ለልጅ ልጇ ትነግራለች፤ እያንዳንዱ መልስ አዳሪ ቤቱ የከለከላት ነገር ነው። በቁጥር ሲታይ ግን መንገዱ ገና ጅምር ነበር፤ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የልጆች መጻሕፍት ማዕከል በ2018 ከቆጠራቸው መጻሕፍት ዋና ገጸ ባሕርያቸው ከነባር ሕዝቦች የሆነው 1 በመቶ ያህል ብቻ ነበር።

በአላስካ ሲያላስካ የተባለው የቅርስ ተቋም ለሕፃናት በሚያዘጋጃቸው መጻሕፍት የትሊንጊት ተረቶችን ከቋንቋ አዋቂዎች ጋር እያረመ ያሳትም ጀመር። በትሊንጊቶች ዘንድ ተረት የጎሣ ንብረት ነው፤ የሌላውን ጎሣ ተረት ያለ ፈቃድ መናገር የሌላውን ዕቃ እንደ መውሰድ ይቆጠራል። በ2017 የወጣው የሳልሞኑ ልጅ ታሪክ የቀረበለትን የደረቀ ዓሣ የናቀ ልጅ ወደ ሳልሞኖች ዓለም ተወስዶ አክብሮት ሲማር ያሳያል። ሥዕሉን የሠራችው የኪክስ አዲ ጎሣ ልጅ ሚካኤላ ጎድ ናት፤ መጽሐፉም በ2018 የነባር ሕዝቦቹን ሽልማት አገኘ።

ጎድ በኋላ ከሣለቻቸው አንዱ «እኛ የውሃ ጠባቂዎች ነን» የተባለው የካሮል ሊንድስትሮም ጽሑፍ ነበር። የኦጂብዌ ተወላጅዋ ሊንድስትሮም የጻፈችው በ2016 የስታንዲንግ ሮክ ሱዎች የነዳጅ ቧንቧ በውሃቸው ሥር እንዳያልፍ ካደረጉት ተቃውሞ ተነሥታ ነው። ምድሪቱን የሚያቃጥል ጥቁር እባብ ይመጣል የሚለው የቆየ ትንቢት በመጽሐፉ ቧንቧ ሆኖ ይመጣል። የጎድ የውሃ ቀለም በገጹ ላይ ራሱ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ የልጅቱ ጸጉር ወንዝ ይሆናል፤ ወንዙ ደግሞ የአያቶችን ፊት ያመጣል። በጃንዋሪ 2021 የካልዴኮት ሜዳሊያ ሲታወጅ ጎድ ሜዳሊያውን ያገኘች የመጀመሪያዋ የነባር ሕዝቦች ሠዓሊ ሆነች። ሜዳሊያው መሰጠት ከጀመረ ያኔ 83 ዓመት አልፎት ነበር። በዚያው ዓመት ሃርፐርኮሊንስ በሲንቲያ ሌይቲች ስሚዝ የሚመራ ሃርትድረም የተባለ ለነባር ሕዝቦች ደራስያን ብቻ የሚሠራ ክፍል ከፈተ። በ2022 ጎድ ራሷ ጽፋ ራሷ የሣለችው «የእንጆሪ መዝሙር» አያትና የልጅ ልጅ ከጫካው ፍሬ ሲለቅሙና ምድሪቱን ሲያመሰግኑ የሚያሳይ ሲሆን በቀጣዩ ዓመት የካልዴኮት የክብር ሽልማት ተቀበለ።

የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። ዲዊ በተባለው የቤተ መጻሕፍት አመዳደብ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች በሃይማኖት ቁጥር ሥር፣ በ200ዎቹ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የነባር ሕዝቦች የፍጥረት ታሪኮች ደግሞ በአብዛኛው ከጭራቅና ከቀበሮ ተረት ጋር በ398.2 ይደረደራሉ። ዴቢ ሪስና ሌሎች ባለሙያዎች ይህን ለዓመታት ሲቃወሙ ኖረዋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የማክደርሞት ቀስትና የጎብል ኢክቶሚ ዛሬም በዚያው ቁጥር ሥር ይገኛሉ።